በጣሊያን ጉዞ መሀል የፓስታ ኮርስ፦ ለሚጾም ሰውና አሳማ ለማይበላ ሰው የትኛው ይሻላል?

መንገደኛዋ

ሰላም ወገኖች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ለአሥር ቀን ጣሊያን እንሄዳለን። ሮም ገብተን ወደ ፍሎረንስና ቦሎኛ እንወጣለን፤ ቀን ከተረፈን ደግሞ ወደ ደቡብ እንወርዳለን። መሀል ላይ ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ በገዛ እጅ እየሠሩ የሚማሩበት የፓስታ ኮርስ መውሰድ እንፈልጋለን። ቆሞ አይቶ፣ ቀምሶ መውጣት አይደለም፤ ሊጡን ራሳችን አቡክተን፣ ዳምጠን፣ ቆርጠን፣ ቀቅለን ነው መብላት የምንሻው።

የቸገረን እንዲህ ነው። እናቴ የነቢያትን ጾም ትጾማለች፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ የለም። ዓሣም አትበላም። እኔ አልጾምም፣ አሳማ ግን አልበላም። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሽርጥ የለበሰ ሰው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛ፣ ወይን የያዘ ብርጭቆ። ከመክፈላችን በፊት ምን ምን እንጠይቅ? የትኛው ከተማ ይሻለናል? ስንመለስ አዲስ አበባ ቤታችን በምናገኘው ዱቄት ልንሠራው የምንችል ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

ሽርጥ

እህቴ፣ ከከተማው በፊት ሊጡን ምረጪ። ቦሎኛ ባለችበት በኤሚሊያ ሮማኛ ፓስታው ከለስላሳ ስንዴ ዱቄትና ከእንቁላል ይሠራል። ዱቄቱ ዜሮ ዜሮ የሚሉት፣ እንደ ታልክ የላመ ነው። ደቡብ ፑልያ ስትወርጂ ደግሞ ዱረም ስንዴና ውሃ ብቻ ነው። በቦሎኛው ሊጥ ውስጥ ከእንቁላሉ ሌላ ፈሳሽ የለም። ስለዚህ «ለእናቴ ያለ እንቁላል ይሁንላት» ብትይ መምህሯ ሌላ ሊጥ ለብቻ ማቡካት ይኖርባታል፤ እሱም እንደዚያኛው ስስ ሆኖ አይዳመጥም። እናትሽ ጥግ ይዘው የሌሎችን ሥራ ሲያዩ ይውላሉ ማለት ነው።

ከመንገዳችሁ ሳትወጡ የሚገኝ ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ፒቺ ይባላል። ቶስካና ውስጥ በሲዬና አካባቢ የሚሠራ፣ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከጥቂት የወይራ ዘይት የሚቦካ ወፍራም ፓስታ ነው። ሊጡ ተቆርጦ በመዳፍ እንደ ገመድ ይድበለበላል። ባህላዊ ስጎው አልዮኔ ከሚሉት ትልልቅ ነጭ ሽንኩርትና ከቲማቲም ነው የሚሠራው፤ ቅቤም አይብም የለበትም። ፍጹም የጾም ምግብ ነው። ብቻ አንዳንድ ቤት ፒቺው ላይ አንድ እንቁላል ይጨምራሉና «ሴንሳ ኡኦቫ» (ያለ እንቁላል) መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጪ።

ስለ ጾሙ ስትጽፊላቸው «እንጾማለን» አትበይ። ጣሊያኖች ዘንድ የጾም ምግብ «ዲ ማግሮ» ይባላል፤ ትርጉሙ ሥጋ የሌለው ማለት ብቻ ነው። ቦሎኛ ውስጥ «ቶርቴሎኒ ዲ ማግሮ» ብለሽ ብታዢ በሪኮታ አይብ የተሞላ የእንቁላል ሊጥ ይመጣልሻል። ሰውየው አላታለለሽም፤ የእሱ ጾም እንደዚያ ነው። ትክክለኛ መልስ የሚያስገኝልሽ ቃል «ቬጋን» ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ዓሣ ሁሉንም ይከለክላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። ከሁሉ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰሌዳና የራሱ መዳመጫ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። «ለሁለት ሰው አንድ» ካሉሽ የኮርሱን ግማሽ ቆመሽ ታሳልፊያለሽ። ቀጥሎ ስንት ሰው ለአንድ መምህር እንደሆነ። ከአሥር ሰው ካለፈ መምህሯ የእያንዳንዱን ሊጥ በጣቷ እየነካች «ይሄ ገና ነው፣ ይሄ በቃው» ማለት አትችልም፤ ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ንክኪ ላይ ነው።

ሰዓቱንም ራስሽ አስይው። ማቡካትና ማሸት 20 ደቂቃ፣ ሊጡ የሚያርፍበት 30፣ መዳመጥ 25፣ መቁረጥና ቅርጽ ማስያዝ 30፣ መቀቀልና መብላት አንድ ሰዓት። ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። በሁለት ሰዓት «ሦስት ዓይነት ፓስታና ቲራሚሱ (ጣፋጭ ነው)» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ሊጡ ቀድሞ ተቦክቶ ይጠብቅሻል፣ ስጎውም ድስት ውስጥ አለ። «ያቦካሁትን ነው የምዳምጠው?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ጥሩዎቹ «አዎ፣ ሊጡ እስኪያርፍ ስጎውን እንሠራለን» ይሉሻል።

የገበያ ጉብኝት ያለበት ኮርስ ክፉ አይደለም፣ ግን ከሰሌዳው ላይ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እሑድ ደግሞ አብዛኛው የአትክልት ገበያ ዝግ ነው።

ሰሌዳ

ሽርጥ ለእናትሽ የተናገረውን እቀበላለሁ። አንቺ ግን የማትጾሚ ከሆነ ቦሎኛን አትለፊው። በመዳመጫ ሊጥ ማሳሳትን እንደ ሙያ የያዙ ሴቶች ስፎሊና የሚባሉት እዚያ ነው ያሉት፤ በማሽን ሳይሆን በክንዳቸው ነው የሚሠሩት። ቀድመሽ ብታውቂው ኮርሱ ላይ ጊዜ አታባክኝም።

ለሁለት ሰው 200 ግራም ዱቄትና 2 እንቁላል። ልኩ እንቁላሉ ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ ያለ ቅርፊቱ 110 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ዱቄቱ ሰሌዳው ላይ ተከምሮ መሀሉ እንደ ጉድጓድ ይከፈታል፣ እንቁላሉ እዚያ ይገባል። በሹካ እየመታሽ ዱቄቱን ከውስጥ ግድግዳ በጥቂቱ ትስቢያለሽ። የጀማሪ የመጀመሪያ ስሕተት እዚህ ነው፤ ግድግዳው ቶሎ ይናድና እንቁላሉ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። እንቁላሉ እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን የውጪውን ግድግዳ አትንኪው።

ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በመዳፍ ግርጌ እየገፉ ማሸት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ይህ ልኩ ነው። ሰው የሚሳሳተው ያኔ ደንግጦ ዱቄት ሲጨምር ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ የተጨመረው ዱቄት ግን አይወጣም፣ ሊጡ ደርቆ ሲዳመጥ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሲበቃው በጣት ጫን ብለሽ ስትለቂው ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ፊቱም እንደ ጆሮ ጫፍ ይለሰልሳል።

ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ደፍተሽበት 30 ደቂቃ ይረፍ። ፍሪጅ አይገባም። ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጪው ተመልሶ ይሰበሰባል፤ የሊጡ ጅማት ገና አልላላም። እልህ ተጋብተሽ ብትጫኚው ይቀደዳል እንጂ አይሰፋም። መድኃኒቱ ሸፍኖ ሌላ አሥር ደቂቃ መተው ነው።

መዳመጫው እጀታ የሌለው፣ ከ80 እስከ 100 ሳንቲሜትር የሚረዝም እንጨት ነው። ጥጥ መዳመጫ ብረት ያየ ሰው የሥራውን ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል፤ ጉልበቱ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ነው። ከመሀል ወደ ላይኛው ጠርዝ ትገፊያለሽ፣ ሊጡን በሩብ ዙር ታዞሪያለሽ፣ እንደገና። ሲሰፋ ግማሹን መዳመጫው ላይ ጠቅልለሽ፣ እጆችሽን ከመሀል ወደ ጎን እያንሸራተትሽ ትፈቺዋለሽ። የሰሌዳው እንጨትነት ለጌጥ እንዳይመስልሽ። እንጨት ሊጡ ላይ ሻካራነቱን ይተዋል፣ ስጎው የሚይዘው ያንን ነው። እብነ በረድ ላይ የተዳመጠ ስጎውን ያንሸራትተዋል።

ውፍረቱ ለታልያቴሌ (እንደ ጥብጣብ ረጅም ሆኖ ለሚቆረጠው ፓስታ) ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሊጡን ብርሃን ላይ አንስተሽ የእጅሽ ጥላ በግልጽ ከታየሽ ደርሷል። ከመቁረጥሽ በፊት ፊቱ ጨርቅ ጨርቅ እስኪል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይናፈስ፤ እርጥብ ሆኖ ብትጠቀልይው ይጣበቃል፣ ከደረቀ ደግሞ እጥፉ ላይ ይሰበራል። ቦሎኛዎች በስፋቱ ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1972 ልኩን በከተማው የንግድ ምክር ቤት አስመዝግበዋል፤ ተቀቅሎ 8 ሚሊ ሜትር። ከወርቅ የተሠራ ናሙናም እዚያ አስቀምጠዋል። ጥሬውን 7 ሚሊ ሜትር አድርገሽ ብትቆርጪው ተቀቅሎ ልኩ ላይ ይደርሳል።

የተሞላ ፓስታ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሊጡ ፈጽሞ መናፈስ የለበትም። በሁለት እጅ ፍጥነት ቆርጠሽ፣ ሞልተሽ፣ መዝጋት ነው። ያልተቆረጠውን ክፍል ሸፍኚው። የደረቀ ጠርዝ ቢጫኑት አይጣበቅም፣ ውሃው ውስጥ ይከፈታል። ውስጡ አየር ከቀረም ሙቀቱ አየሩን ያስፋፋውና ያፈነዳዋል፤ ስለዚህ ከመሙያው ዳር ጀምረሽ በጣትሽ አየሩን ገፍተሽ ነው የምትዘጊው።

ክንዴ

ስለ አሳማው ማንም አልመለሰልሽም። ቦሎኛ ውስጥ አሳማ የሌለበት ቦታ ማግኘት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ያውም በታኅሣሥ። የገና ምግባቸው ቶርቴሊኒ በመረቅ ስለሆነ ኮርሶቹ ወደዚያ ያዘነብላሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመዘገበው የቶርቴሊኒ መሙያ የአሳማ ወገብ ሥጋ፣ ፕሮሹቶና ሞርታዴላ ነው፤ ሦስቱም አሳማ። ከዚያ ውስጥ አሳማውን ላውጣ ማለት መሙያውን በሙሉ መጣል ነው። ታልያቴሌ የሚበላበት ራጉ የሚሉት የሥጋ ስጎም ቢሆን የበሬ ሥጋ ይመስላል እንጂ የተፈጨ ፓንቼታ (የአሳማ ሆድ ሥጋ) አለበት። እኛ አገር ስጎ ስንል የለመድነው የበሬው ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይበላዋል።

ስለዚህ የምትመርጪው የቶርቴሎኒ ኮርስ ይሁን፤ ትልቁን፣ በሪኮታ የሚሞላውን። የስሙ መጨረሻ ሲቀየር ምግቡም ይቀየራል፦ ቶርቴሊኒ ትንሹና የሥጋው፣ ቶርቴሎኒ ትልቁና የአይቡ። ስጎው ቅቤና ሳልቪያ የሚሉት ቅጠል ነው። ስትጽፊላቸው «ሴንሳ ማያሌ» (ያለ አሳማ) ብቻ አትበይ፤ «ሴንሳ ስትሩቶ» (ያለ አሳማ ሞራ) የሚለውንም ጨምሪ። እንደ መክሰስ የሚያቀርቡት የተጠበሰ ሊጥና ፒያዲና የሚባለው ቂጣ ብዙ ጊዜ ሞራ አለበት፤ ሰው ደግሞ ሞራን ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም።

ይህን የሚያነቡ ሙስሊም ወገኖች ሁለት ነገር ይያዙ። ራጉ ውስጥ ወይን ይገባል፤ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ባይኖርም ድስቱ ውስጥ አለ። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ መርጊያ ነው፤ ሌላ አማራጭ ሕጉ አይፈቅድም። ከዚህ የሚጠነቀቅ ሰው በአትክልት መርጊያ የረጋ ፎርማጆ አስቀድሞ ይጠይቅ።

መንገደኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሦስት ሰዓት መቆም አትችልም። ተቀምጦ የሚሠራ ዓይነት አለ? ደግሞስ ለደቡቡ ብለን ያን ያህል መንገድ መሄድ ዋጋ አለው?

ጆሮ ፓስታ

ለእናትሽ የተፈጠረው እሱ ነው። ኦሬኪዬቴ ይባላል፣ «ትንንሽ ጆሮ» ማለት ነው። ባሪ በሚባለው የወደብ ከተማ፣ በአሮጌው ሰፈር አርኮ ባሶ በሚባለው መንገድ ሴቶቹ ደጃፋቸው ላይ ሰሌዳ ዘርግተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። የቦሎኛው መዳመጥ መቆምና የትከሻ ጉልበት ይፈልጋል። ይህኛው የጣት ሥራ ነው፤ ስንዴ ሲለቅም፣ እንዝርት ሲያሽከረክር የኖረ እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ልኩ ለአራት ሰው 400 ግራም ሪማቺናታ (ሁለት ጊዜ የተፈጨ የዱረም ዱቄት)፣ 200 ግራም ለብ ያለ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው። ውሃውን አንዴ አታፍስሱት፤ ሲሶውን አስቀርታችሁ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ። ዱረም ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ፍርፍር ተበታትኖ «አልያዘም» ያሰኛል፣ ሰው ውሃ ይጨምራል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሊጡ ጭቃ ይሆናል። አሥር ደቂቃ አሽታችሁ እንኳን ካልያዘ ነው እጅን ውሃ ነክሮ ማሸት የሚገባው።

ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ በትንሿ ጣት ውፍረት በመዳፍ ይድበለበላል፣ በአንድ ሳንቲሜትር ይቆረጣል። አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጫፉ የዞረ፣ ስለት የሌለው የገበታ ቢላ ትይዣለሽ። ቢላውን ቁራጩ ላይ ጋደም አድርገሽ፣ ጫን ብለሽ ወደ ራስሽ ትጎትቺዋለሽ። ሊጡ ከቢላው ሥር ተዘርግቶ ይጠቀለላል፤ ፊቱ የሻከረ ትንሽ ቅርፊት ይሆናል። ያንን በአውራ ጣትሽ ጫፍ ላይ ገልብጠሽ ታለብሺዋለሽ፤ ሻካራው ጎን ወደ ውጭ ይዞራል። ጠርዙ ወፈር፣ መሀሉ ሳሳ ይላል። ስጎው መሀሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሻካራው ጀርባ ደግሞ ዘይቱን ይይዛል።

የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ሰሌዳው ላይ ዱቄት ሲነሰነስ። ሊጡ እንጨቱን መያዝ አለበት፤ ዱቄት ካለ ቢላው ከነሊጡ ይንሸራተታል፣ ቁራጩ ይገፋል እንጂ አይጠቀለልም። ስለዚህ ሰሌዳው ባዶ ይሁን፤ ዱቄቱ ያለቁት ጆሮዎች የሚሰጡበት ጨርቅ ላይ ነው። ሁለተኛ ቢላውን አቁሞ መያዝ፤ ሊጡን ይቆርጠዋል። የጀማሪ የመጀመሪያ ሃያ ጆሮ ሁሌም ጎባጣ ነው፣ ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ያገኘዋል።

ስጎው ላይ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ታኅሣሥ የቺሜ ዲ ራፓ ወቅት ነው፤ መረር የሚል፣ ከነአበባ እንቡጡ የሚበላ የጎመን ዘመድ። ቅጠሉ ከፓስታው ጋር በአንድ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ብጤ በርበሬ በወይራ ዘይት ውስጥ ሞቆ ይለወስበታል። ባህሉ ላይ አንቾቪ የሚሉት ጨው የበላ ትንሽ ዓሣ ይገባበታል፤ ዘይቱ ውስጥ ስለሚቀልጥ ዓይን አያየውም። እናትሽ ዓሣ ስለማይበሉ «ሴንሳ አቹጌ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪ፣ ቦታው ላይ ሳይሆን። በአይብ ፋንታ በዘይት የተጠበሰ የዳቦ ፍርፍር ይነሰነስበታል፤ ድሮም የድሆች ፎርማጆ ነበር።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከቦሎኛ ባሪ በፈጣኑ ባቡር ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሮም ግን አራት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ደቡቡን ከሮም ጋር አያይዙት። ቀን ካጠረባችሁ ሽርጥ የጠቀሰው ፒቺ ይበቃል፤ እሱም ተቀምጦ ይሠራል።

ማሪናራ

ለምን ሁሉም ፓስታ ፓስታ ይላል? ሮም ከገባችሁ ኔፕልስ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አትርቅም፤ የኔፕልስ ፒዛ ሊጥ ደግሞ ከነአካቴው የጾም ነው። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ። ዘይት እንኳን የለበትም። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፤ ምንም ማስቀነስ፣ ምንም ማስረዳት የለም። አንድ የምትጠይቁት ነገር ቢኖር ምድጃው ነው። እውነተኛው ምድጃ ከ430 ዲግሪ በላይ ግሎ ፒዛውን ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ያወጣዋል። በቤት ኦቨን የሚያስተምር ከሆነ ሌላ ነገር ትማራላችሁ።

ሽርጥ

ማሪናራ፣ የጾሙን ነገር ልክ ብለሃል። ግን ጠያቂዋ አዲስ አበባ ተመልሳ የምትሠራውን ነው የፈለገችው። 430 ዲግሪ የቤት ኦቨን አይደርስም፣ የፒዛው ሊጥም ለሰዓታት ይቦካል፤ ኮርስ ላይ የምትነኪው ቀድሞ የተዘጋጀውን ድብልብል ነው። መዘርጋቱን ትማሪያለሽ፣ ማቡካቱን አትማሪም። ፒቺና ኦሬኪዬቴ ግን ከዱቄቱ እስከ ሳህኑ በእጅሽ ያልፋሉ።

ሚዛን

አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚለወጥ እኔ ልመልስ፤ ጣሊያን ውስጥ የሚያስተምር ሰው ይህን አይነግርሽም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓስታው ውሃው ውስጥ እየፈላ ቢታይም በስምንት ዲግሪ ያነሰ ሙቀት ላይ ነው ያለው። ኮርሱ ላይ «ሦስት ደቂቃ» የተባለ ታልያቴሌ አራት አምስት ይፈልጋል፤ ፒቺ ደግሞ ስምንት፣ አሥር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሰዓት አትመኚ፣ አንዱን ቆርጠሽ መሀሉን እዪ፤ ነጭ ነጥብ ካለ ጥሬ ነው። ውሃው ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር፣ ጨው በሊትር 10 ግራም። ድስቱን ከድነሽ አፍልተሽ፣ ፓስታው ሲገባ ክፈቺ።

እንቁላሉ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የጣሊያኑ «100 ግራም በአንድ እንቁላል» የሚሠራው በፈረንጅ እንቁላል ነው። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ 40 ግራም አካባቢ ስለሆነ ለ200 ግራም ዱቄት ሦስት ይገባል። መዝኝው፤ ሚዛን ከሌለ ሊጡ ሁሌ ይደርቅብሻል፣ ምክንያቱንም አታውቂውም።

ዱቄቱስ? ፉርኖ ዱቄት ለእንቁላሉም ለፒቺውም ይሆናል፤ በወንፊት ንፊው። ለኦሬኪዬቴ ግን ፉርኖ ብቻውን አይበቃም፤ ለስላሳ ስለሆነ ቢላው ሥር ሻካራ ፊት አያወጣም፣ ሲቀቀልም ይላላል። ሰሞሊና (የዱረም ስንዴ ዱቄት) ከተገኘ እሱ፣ የገዛሽው ሻካራ ከሆነ አንዴ አስፈጪው። ሲሶ ፉርኖ ብትቀላቅይ ለመያዝ ይቀላል።

በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ ነው። ሰሌዳ ላይ የተዘረጋ ሊጥ ቦሎኛ ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበትን ድርቀት እዚህ በአምስት ያገኘዋል። ለተሞላው ፓስታ እርጥብ ተደርጎ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ አልብሺው።

ለጾሙ ቤት የሚሠራው ፒቺ ልኩ ይኸውና። 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው። አሥር ደቂቃ ታሽቶ አንድ ሰዓት ይረፍ፤ ማረፊያውን አታሳጥሪው፣ ያላረፈ ሊጥ ሲድበለበል ተመልሶ ያጥራል። በአንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ተዳምጦ፣ በአንድ ሳንቲሜትር ስፋት ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ከመሀል ወደ ጫፍ በሁለት መዳፍ ከእስክሪብቶ ቀጠን እስኪል ይንከባለል። እዚህም ሰሌዳው ላይ ዱቄት የለም፤ ሊጡ ከተንሸራተተ መዳፍሽን በትንሹ አርጥቢ። ያለቀውን በቆሎ ዱቄት ላይ ጣይው፣ ፉርኖ ላይ ከጣልሽው ዱቄቱን ጠጥቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ስጎው፦ ስድስት ፍሬ የአበሻ ነጭ ሽንኩርት ደቅቆ፣ በአራት ማንኪያ ዘይትና በጥቂት ውሃ፣ በጣም ለዘብ ባለ እሳት ሩብ ሰዓት ይቅለጥ። ቡናማ ከሆነ መራራ ነውና ጣይና እንደገና ጀምሪ። ከዚያ 400 ግራም ተልጦ የተፈጨ ቲማቲም፣ ሌላ ሃያ ደቂቃ። ፓስታውን ከውሃው ቀድመሽ አውጥተሽ፣ አንድ ጭልፋ የተቀቀለበትን ውሃ ጨምረሽ ስጎው ውስጥ ለሁለት ደቂቃ አብስዪው። ያ ውሃ ስታርች ስላለው ዘይቱንና ቲማቲሙን አንድ ያደርጋቸዋል፤ እሱን ካፈሰስሽው ዘይቱ ሳህኑ ሥር ይቀራል።

ከጾም በኋላ ቶርቴሎኒ ስትሠሪ በሪኮታ ቦታ የእኛ አይብ ይገባል፣ ግን ኮመጠጥ ይላል፣ ፍርፍሩም ሻካራ ነው። ለጋውን ምረጪ፣ በጨርቅ አድርገሽ ሌሊቱን ይንጠፍ፣ በወንፊት ፈጭተሽ አሳልፊው። ውሃ የያዘ መሙያ ሊጡን ከውስጥ ያላላውና ድስት ውስጥ ይበትነዋል። ገውዝ ትንሽ ፋቅ አድርጊበት።

መንገደኛዋ

ለእናቴ ፒቺ፣ ለእኔ የቦሎኛውን ቶርቴሎኒ ልይዝ ነው፤ በሁለቱም ቀን እናቴ አብራኝ ትሆናለች። ለፒቺው ቤት «ቬጋን፣ ሴንሳ ኡኦቫ፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ፣ ወንበር» ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ መዳመጫውን ከዚያ ልግዛ?

ሰሌዳ

80 ሳንቲሜትሩ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ የሚጫነው ሻንጣም ውስጥ በሰያፍ ካልሆነ አይተኛም። ከዚያ ይልቅ ኮርሱ ላይ ርዝመቱንና ውፍረቱን ለኪና እዚያው አዲስ አበባ አናጺ ያስወጣልሽ። 80 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። የደረቀ እንጨት ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ በወር ውስጥ ይጎብጣል። ስትረከቢው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልይው፣ ከሥሩ ብርሃን ካሳየ መልሺለት። ቫርኒሽ አይቀባ። ከሠራሽበት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ቆሞ ሳይሆን ተንጠልጥሎ ይቀመጥ።